አይጧን ያዳነው ቅጠል

ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ለአንድ ሳምንት ያህል የተወጋ አይጥ ኩላሊት ከሆዱ ሲወጣ ገና በዓይን ያስታውቃል። ከጤነኛው ይተልቃል፤ ጥቁር ቀይ ቀለሙን አጥቶ ይገረጣል። በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ የጉዳቱ ቦታ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፦ የኔፍሮኑ (የኩላሊቱ ጥቃቅን ማጣሪያ) የመጀመሪያ ጠምዛዛ ቱቦ ሕዋሳት ሞተው፣ ከግድግዳቸው ተላቀው ቱቦውን ደፍነውታል። ከጎኑ ሌላ ስላይድ ይቀመጣል። እሱም ጄንታማይሲን የተወጋ አይጥ ነው፤ ልዩነቱ ከመርፌው ጋር በየቀኑ የአንድ ተክል ኤክስትራክት (ከተክሉ ተዘፍዝፎ የወጣ ንጥር) በአፉ ሲሰጠው መቆየቱ ነው። የዚህኛው ቱቦዎች እዚህም እዚያም ከመቁሰላቸው በቀር ደህና ናቸው። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ስላይዶችን እያቀያየሩ ማየት ከሥራዬ አንዱ ነበርና ያ ልዩነት ምን ያህል ልብ እንደሚያሞቅ አውቃለሁ። እናቶቻችን ከጓሮ የሚቀጥፉት ቅጠል በዓይን የሚታይ ሥራ ሲሠራ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ዓይነቱ ጥናት በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሮማን፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ሁሉም ተሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የቡርኪና ፋሶ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን የሞሪንጋ ኦሌይፌራ ቅጠል ጥንቸሎችን ከጄንታማይሲን ጉዳት እንደታደገ አሳትሟል። የኮንሶ ሰው በእርከኑ ላይና በደጁ ተክሎ እንደ ጎመን ቀቅሎ የሚበላው የእኛው ሽፈራው የዚያ ተክል የቅርብ ዘመድ የሆነው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የፋርማኮሎጂ ተማሪዎች ይህንኑ ዓይነት ሥራ ለመመረቂያቸው ይሠራሉ። ውጤቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኤክስትራክቱ ኩላሊቱን ጠበቀ፣ ክሬአቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) ወረደ፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።

ስላይዶቹ የሚያሳዩትን አምናለሁ። የሚያሳስበኝ ከስላይዱ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ያለው መንገድ ነው። ሕዝቡ ያን መንገድ በአንድ እርምጃ ይዘለዋል፤ ተመራማሪው ደግሞ ጨርሶ አይጀምረውም። በመካከል የሚጎዳው ሕመምተኛ ነው።

ዛሬ የምሠራው በሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ በክሊኒካል ፋርማሲ ሙያ ነው። አንድ ጊዜ በሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የተኙ አባት ነበሩ። ጄንታማይሲን ከጀመሩ ቀናት አልፈዋል፤ ሲገቡ 1.1 የነበረው ክሬአቲኒናቸው 2.4 ደርሷል። ያስታመሙት ባለቤታቸው ናቸው፤ ከአልጋው ሥር ፔርሙዝ አስቀምጠዋል።

«እማማ፣ ፔርሙዙ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ሽፈራው ነው ልጄ። መርፌው ኩላሊት ይጎዳል አሉኝ። ይኼ ደግሞ ኩላሊት ይጠብቃል ብሎ ልጄ በስልኩ አነበበልኝ። ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ።»

«ጥሩ አደረጉ፣ ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላስ? ከውጭ የተገዛ ኪኒን፣ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱት የለም?»

የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ዲክሎፌናክ አወጡ። «ወገቡን ሲያመው ይኼን ነው የምሰጠው። ኩላሊቱን ነው የሚያመው መሰለኝ።»

ሽፈራው ሰውየውን ጎዳቸው አልልም። ከሁሉ በላይ የጠረጠርነው ጄንታማይሲንንና ዲክሎፌናክን በአንድ ላይ መውሰዳቸውን ነው፤ በዚያ ላይ ትኩሳቱ አድርቋቸው ነበር፤ ውኃም ብዙ አይጠጡም። ዲክሎፌናኩ ቀረ፣ ጄንታማይሲኑ በሌላ መድኃኒት ተተካ፣ ፈሳሽ ተሰጣቸው፤ ክሬአቲኒኑም ቀስ እያለ ወረደ። ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን የእማማ እርጋታ ነው። ቅጠሉ ዘብ ቆሞላቸዋል ብለው ስላመኑ የደም ምርመራው ስንት ደረሰ ብለው አልጠየቁም፤ የሕመም ኪኒኑም አላሳሰባቸውም። የፔርሙዙ ጉዳት በውስጡ ባለው ነገር ሳይሆን በሰጣቸው መተማመን በኩል ነበር።

ለምን አይጡ ላይ የሠራው ነገር እዚህ እንደማይበቃ ለመረዳት ጄንታማይሲን ኩላሊት ውስጥ የሚያደርገውን ማየት ይጠቅማል። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ነው። የቀረውን ሁሉ ወደ ደም የሚመልሱት የኔፍሮን ቱቦዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ኔፍሮን አለ። የመጀመሪያው ጠምዛዛ ቱቦ ሕዋሳት ጠቃሚ ፕሮቲኖች በሽንት እንዳይባክኑ እየያዙ ወደ ውስጥ የሚያስገቡበት ሜጋሊን የሚባል ተቀባይ አላቸው። ጄንታማይሲን በዚሁ በር ይገባል። ገብቶም በቀላሉ አይወጣም፤ በሕዋሱ ውስጥ ባሉት ሊሶሶሞች፣ ማለትም በቆሻሻ መፍጫ ከረጢቶቹ፣ ይጠራቀማል፣ የስብ ሽፋኖችን ያውካል፣ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆኑትን ሚቶኮንድሪያ ይጎዳል፤ ከዚያ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሕዋስን የሚያቃጥሉ ቅንጣቶች ይበዛሉ፣ ሕዋሱም ይሞታል። ጄንታማይሲን ከሚሰጣቸው ሕመምተኞች ከ10 እስከ 25 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ተለይቶ የሚታወቅ የኩላሊት ጉዳት ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛ ወይም ከሰባተኛ ቀን በኋላ።

ይኼ ጉዳት አንድ የሚያታልል ጠባይ አለው። ሽንት አይቆምም። ቤተሰብ «ሽንቱ ደህና ይመጣል» እያለ ይጽናናል፤ በዚያው ጊዜ ኩላሊቱ የማጣራት አቅሙን እያጣ ነው። ክሬአቲኒን ራሱ ቢሆን በደንብ ከፍ ብሎ የሚታየው የማጣራት አቅሙ በግማሽ ያህል ከወረደ በኋላ ነው።

«ታዲያ ለምን ይሰጣል?» ለሚለኝ ሰው መልሱ አጭር ነው። ርካሽ ነው፣ አደገኛ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፣ የደም ኢንፌክሽን የያዛቸው አራስ ሕፃናት በአምፒሲሊንና በጄንታማይሲን ነው የሚታከሙት። እኛ አገር ባይኖር ብዙ ሰው ይሞታል።

አሁን ወደ አይጧ ልመለስ። ሕዋሱ የሚሞተው ፍሪ ራዲካል በዝቶበት ከሆነ ፍሪ ራዲካልን የሚያረግብ ነገር ሁሉ ጥቂትም ቢሆን ይረዳል። ይህን በሚያደርጉት በፖሊፊኖልና በፍላቮኖይድ የማይታማ ቅጠል ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የአንድ ተክል ኤክስትራክት አይጥን ከጄንታማይሲን አዳነ ሲባል የተነገረን ነገር ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ባያድን ነበር የሚገርመው። ያላዳኑ ተክሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለኅትመት አይበቁም፤ ወረቀታቸው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

የመጠኑን ነገር ደግሞ እናስላው፤ ይህን ስሌት ያልተማረ ሰው ይጠቀምበት ዘንድ ሳይሆን የርቀቱን ልክ ለማሳየት ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች አይጥ በኪሎ ክብደቱ 400 ሚሊግራም ኤክስትራክት ሲሰጠው ማየት የተለመደ ነው። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ በ6.2 ይካፈላል፤ ወደ 65 ሚሊግራም ይመጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን አራት ግራም ያህል የደረቀ ኤክስትራክት ማለት ነው። ከመቶ ግራም የደረቀ ቅጠል አሥር ግራም ኤክስትራክት ይወጣል ብንል እንኳ፣ በየቀኑ አርባ ግራም የደረቀ ቅጠል መዘፍዘፍ ያስፈልጋል፤ ያውም በውኃ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሜታኖል፣ ለመጠጥ በማይሆን አልኮል። በፔርሙዝ የተፈላው ሽፈራውና በቤተ ሙከራ በሜታኖል ወጥቶ የደረቀው ዱቄት አንድ ስም አላቸው እንጂ አንድ ነገር አይደሉም።

በዚያ ላይ አይጧ ወጣትና ጤነኛ ናት። ስኳር የለባትም፣ ደም ግፊት የለባትም፣ ትኩሳት አላደረቃትም፣ ከጎረቤት ኪዮስክ የተገዛ የሕመም ኪኒን አልዋጠችም። ኤክስትራክቱም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ወይም ከመርፌው እኩል ነው የሚጀመርላት። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው ግን ኩላሊቱ ከተነካ በኋላ «አሁንስ ምን ልጠጣ?» የሚል ነው። ለእሱ ጥያቄ እነዚያ ጥናቶች መልስ የላቸውም፤ አልጠየቁትምና።

ከእንስሳት አልፎ ሰው ላይ የተሞከረ ነገር ምን እንደሚገጥመው ለማየት የአሴቲልሲስቲን ታሪክ ይበቃኛል። ተክል አይደለም፤ ነገር ግን ሐሳቡ ያው ነው፤ አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ፍሪ ራዲካልን የሚያረግብ ነገር፣ ሰጥቶ ኩላሊትን ማዳን። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የጀርመን ቡድን 83 ሕመምተኞችን ብቻ ይዞ አጠና። ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ማቅለሚያ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ለግማሾቹ አሴቲልሲስቲን ተሰጠ። ካልወሰዱት 21 ከመቶ፣ ከወሰዱት 2 ከመቶ ብቻ ተጎዱ። እንዲህ ያለ ውጤት ማን ይንቃል? በየአገሩ ሆስፒታሎች መድኃኒቱ ርካሽና ጉዳት የሌለው ነው እያሉ ለዓመታት ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት ሺህ ያህል ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጣ፦ የወሰደውም ያልወሰደውም እኩል። አሥራ ስምንት ዓመት መሆኑ ነው። በ83 ሰው ላይ የታየ ነገር እንዲህ ከሆነ፣ በስድስት በስድስት አይጥ የተከፋፈለ ቡድን ላይ የታየውን ይዘን ሻይ ለምናፈላ ሰዎች የሚለን ነገር አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጥያቄ ደግሞ አለ። ቅጠሉ ኩላሊቱን ሲጠብቅ በሽታውንም አብሮ ይጠብቀው ይሆን?

ሲስፕላቲን በተባለው የካንሰር መድኃኒት ላይ ጥያቄው ግልጥ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1965 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርኔት ሮዘንበርግ የኤሌክትሪክ ኃይል በባክቴሪያ ላይ የሚያደርገውን ሲያጠና ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ የሟሟ ነገር ባክቴሪያዎቹ እንዳይከፋፈሉ እንደሚያደርግ አየ። ከዚያ የተወለደው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የዘር ፍሬ፣ የእንቁላል እጢና የሌሎችም ካንሰሮች ሕክምና በእሱ ተለወጠ። ከሚወስዱት ሰዎች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ግን ኩላሊት ይጎዳል። ካንሰር ያለበት ሰው ቤተሰቡ ከየአቅጣጫው ቅጠል ያመጣለታል፤ በፍቅር ነው የሚያመጣው። ሲስፕላቲን ግን የካንሰሩን ሕዋስ የሚገድልበት መንገድና ኩላሊትን የሚጎዳበት መንገድ በከፊል አንድ ነው። አንዱን የሚያመክን ነገር ሌላውንም ሊያመክን ይችላል። ሶድየም ታዮሰልፌት የሚባለው ኬሚካል የሕፃናትን ጆሮ ከሲስፕላቲን ለመጠበቅ ተፈቅዷል፤ የሚሰጠው ግን ሲስፕላቲኑ ካለቀ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ምክንያቱ ፕላቲነሙን ይዞ ስለሚያመክነው ነው። ያ የስድስት ሰዓት ልዩነት የመጣው ስንት ሰው ለፍቶበት ነው። በፔርሙዝ ያለው ቅጠል ሰዓት የለውም።

ጥያቄውን በጊዜው የጠየቁም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ አንድ ጥናት ታይሞኩዊኖን የተባለውን የጥቁር አዝሙድ ንጥረ ነገር ሲስፕላቲን ለተወጉ አይጦች ሰጠ። ኩላሊቱን ብቻ ለክቶ አላቆመም፤ ካንሰር ባለባቸው አይጦች ላይ ሲስፕላቲኑ ኃይሉን እንዳላጣም መረመረ። አላጣም ነበር፤ እንዲያውም በረታ። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ውጤቱ ስላማረ ሳይሆን ሁለተኛውን ጥያቄ ስለጠየቀ ነው።

ስለ ተክሎች ሲወራ «ተፈጥሮ ነው፣ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለው ንግግር ኩላሊት ላይ ሲደርስ ያስፈራኛል። በብራሰልስ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሴት ደንበኞቹ የቻይና ዕፅ ያለበት ኪኒን ይሰጥ ነበር። ስቴፋኒያ የተባለው ተክል ስሙ በሚመሳሰል በሌላ ተክል፣ በአሪስቶሎኪያ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሐኪሞቹ ጉዳዩን በላንሴት መጽሔት ሲያሳውቁ ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው ደርቆ ዲያሊሲስ ላይ ነበሩ፤ በኋላ ቁጥራቸው ከመቶ አለፈ። ነገሩ በዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሪፖርት፣ ሥራ ያቆመው ኩላሊታቸውና የሽንት ቧንቧቸው ለጥንቃቄ ከወጣላቸው 39 ሴቶች በ18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ከዚሁ ከአሪስቶሎኪያ ወገን የሆነ ተክል በሱዳንና በእኛ ቆላ ይበቅላል፤ በሱዳን ባህላዊ መድኃኒትነቱ የታወቀ ነው። ያ የብራሰልሱ ኪኒን እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን በመድኃኒትነት የታወቀ ዕፅ ተብሎ ነው የገባው።

ከዚህ ቀለል ያሉም አሉ። እርድ በአይጥ ኩላሊት ጠባቂ ነው፤ በወጥ ውስጥ ሲገባም ማንንም አይጎዳም። ለወራት በከፍተኛ መጠን በእንክብል የወሰዱ ሰዎች ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ኩላሊታቸው ውስጥ ተጠራቅሞ የተጎዱ መኖራቸው ተመዝግቧል። የሽፈራው ቅጠል ፖታስየም ይበዛበታል፤ ለጤነኛ ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ዲያሊሲስ ላይ ላለ ሰው ግን ፖታስየም ልብ የሚያቆም ነገር ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ደግሞ ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ዙሪክ ውስጥ ልብ የተተከለላቸው ሁለት ሰዎች ለድባቴ ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለውን ዕፅ ወስደው (የእኛ አሜጃ የዚሁ ወገን ነው) ሰውነት የተተከለውን እንዳይቃወም የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን በደማቸው ውስጥ ወርዶ ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ መቃወም ጀመረ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተጀመረ ወዲህ እህት ለወንድሟ፣ እናት ለልጇ ኩላሊት ሰጥተዋል። እንዲህ የተገኘ ኩላሊት በማይታወቅ ቅጠል ሲፈተን ማየት አልፈልግም። በዋሽንግተንም በዱባይም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣላችሁን የሞሪንጋ ዱቄትና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለሚያክማችሁ ሐኪም ተናገሩ። እዚያ ያለው ሐኪም ሽፈራው ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ሳይንሳዊ ስሙን ጽፋችሁ ስጡት።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ተክል ለኩላሊት ምንም አያመጣም የሚል ሰው ቢገጥመኝ አጥብቄ እሟገተዋለሁ። ዛሬ በዓለም ላይ ኩላሊትን በመጠበቅ ስማቸው ከፊት ከሚጠራ መድኃኒቶች አንዱ ዳፓግሊፍሎዚን ነው። መነሻው የፖም ዛፍ ቅርፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1835 ኬሚስቶች ከቅርፊቱ ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1886 ጆሴፍ ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚን ስኳር ከሽንት ጋር እንዲወጣ እንደሚያደርግ አሳየ። ፍሎሪዚን ራሱ መድኃኒት መሆን አልቻለም፤ አንጀት ውስጥ ይፈርሳል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቅርጹ ተሻሽሎ ዳፓግሊፍሎዚን ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት 4,304 የኩላሊት ሕመምተኞችን ይዞ የኩላሊት መድከምንና ተያያዥ ሞትን አደጋ በ39 ከመቶ እንደቀነሰ አሳየ፤ ስኳር በሌለባቸውም ጭምር። ይህ ለቆየ የኩላሊት ሕመም እንጂ ለመድኃኒት ጉዳት የተፈቀደ አይደለም፤ ያነሣሁት መንገዱን ለማሳየት ነው።

ሁሉም እንዲህ አያልቅለትም። በወይራና በሌሎች ተክሎች ውስጥ ከሚገኘው ኦሊያኖሊክ አሲድ የተሠራው ባርዶክሶሎን የሰውነትን የራሱን የአንቲኦክሲዳንት መከላከያ ያነቃቃል ተብሎ 2,185 ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር፣ የልብ ድካም ስላበዛ እ.ኤ.አ. በ2012 ጥናቱ ተቋረጠ። ይህም ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ሰው ላይ በሥርዓት ስለተሞከረ ነው የታወቀው፤ በየቤቱ ቢጠጣ ኖሮ የሞተው ሰው ሁሉ «ልቡ ነው» ተብሎ ይቀበር ነበር።

የእኛን አገር ሳስብ እንዶድ ይመጣብኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዚያን መተላለፊያ ለመቁረጥ የሚያገለግል ነገር እጃቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የታገሉት ከግኝቱ ጋር ሳይሆን ስለ ደኅንነቱ ከሚጠየቀው ውድ ምርመራ ጋር ነው። ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ያሏት አገር፣ ዕውቀታቸውን ከአባት ወደ ልጅ ያወረሱ የባህል ሐኪሞች ያሏት አገር፣ የመጀመሪያውን እርምጃ ደጋግማ ስትራመድ ሁለተኛው ላይ የምትቆመው ዕፅ ወይም ጭንቅላት አጥታ አይደለም። የመርዛማነት ጥናቱ፣ ንጥረ ነገሩን ለይቶ ማውጣቱ፣ ከአንዱ ወረዳና ከሌላው የተለቀመው ቅጠል እኩል መሆኑን ማረጋገጡ፣ ሰው ላይ መሞከሩ ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል። አንድ ተማሪ በሁለት ዓመት የሚጨርሰው አይደለም። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር አዲስ ቅጠል ከመያዝ፣ አሥር ተማሪዎች ተቀባብለው አንዱን ቅጠል ወደፊት ቢወስዱት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ኩላሊትን ከመድኃኒት የሚጠብቁ የታወቁ ነገሮች አሉ፤ አንዳቸውም የሚያጓጉ አይደሉም። ጄንታማይሲንን በቀን ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ከመስጠት ለብዙው አዋቂ ሰው በቀን አንዴ መስጠት ይሻላል፤ ሜጋሊን የሚቀበለው ልክ ስላለው በአንዴ የመጣውን ሁሉ አያስገባም፣ የቀረው በሽንት ይወጣል። ከሲስፕላቲን በፊትና በኋላ ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውኃ) እና ማግኒዥየም መስጠት ይጠቅማል። ለካላአዛር የሚሰጠው አምፎቴሪሲን በስብ እንክብል ተሸፍኖ ሲሰጥ ኩላሊትን የሚጎዳው በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው። ክሬአቲኒን ከመጀመሪያው መለካት፣ ከዚያም በየሁለት ሦስት ቀኑ መድገም። ከመጀመሪያው 0.3 እንኳ ከፍ ካለ ዝም አለማለት።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ላይ ደግሞ ድምፄን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ። ሰውነት ሲደርቅ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም እንዳይቋረጥ የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን ነው። እነዚህ ኪኒኖች ያንን ይዘጋሉ። ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ብሎ ፋርማሲ ሄዶ ዲክሎፌናክ ይዞ ይወጣል፤ ወገቡ ብዙውን ጊዜ ጡንቻው ነው፤ ኩላሊቱ ግን ከዚያ በኋላ በእርግጥ ይጎዳል። ከእማማ ነጠላ ጫፍ ተፈትቶ ያየሁትን ኪኒን በስንት ነጠላ ጫፍ አግኝቼዋለሁ።

ስለ ቅጠሉ ስንጠይቅም አጠያየቃችን ይወስናል። «የባህል መድኃኒት ትወስዳለህ?» ተብሎ በግልምጫ የተጠየቀ ሰው «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። «ቤት ውስጥ ምን አፍልተው ይጠጣሉ?» ሲባል ግን ፌጦውም፣ ጤና አዳሙም፣ ዳማ ከሴውም፣ ከደብረ ሊባኖስ የመጣው ጠበልም ይወጣል። የነገሩኝን በካርዳቸው ላይ ከመድኃኒቶቹ ዝርዝር ጋር እጽፈዋለሁ። ሐኪሙ ባያውቀውም እዚያ ይኑር፤ ኩላሊቱ አንድ ነገር ቢሆን ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ አማክሪኝ ስትል ሐሳቧን ይዛ መጣች። ገና ያልተጠና ቅጠል መርጣለች፤ ጄንታማይሲን፣ አይጥ፣ ክሬአቲኒን። ሌላ ሰው አይጥ ላይ የጀመረውን ቅጠል እንድትወስድና ጥያቄውን እንድትለውጠው ነገርኳት። መጀመሪያ ባክቴሪያ ሳህን ላይ ዘርታ፣ ጄንታማይሲኑ ከኤክስትራክቱ ጋር ሲሆን እንደ በፊቱ ይገድል እንደሆነ ትይ። ከገደለ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ለተጀመረላቸው አይጦች ይጠቅም እንደሆነ ትፈትሽ። ካልገደለ ደግሞ ያንኑ ጽፋ ታሳትም። «ካልገደለ ማን ያትምልኛል?» አለችኝ። እኔም አብሬሽ እጽፈዋለሁ አልኳት። ቅጠሉን ለቅማ፣ ናሙናውን በሄርባርየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) አስመዝግባ፣ አሁን ሳህኖቹን እያዘጋጀች ነው።